ሰሃን የሚሞላ ሸርጣን

ስሙኝማ! መስማት የማይፈልግ ካለ ይተኛ፤ ለሱ አላወራም።

በቀይ ባሕር ዳር ዘሃራ የምትባል ሸርጣን አርቢ ነበረች። ልጇ ሩቅያ የምትወደውን ጎረምሳ ልታገባ ነው። በዚያ መንደር ወግ የሙሽሪት እናት በገዛ ኩሬዋ ያሳደገችውን ሸርጣን ለሙሽራው ቤት ትሰጣለች። የሙሽራው አክስት ወይዘሮ ጀሚላ ሰሃን ይዛ ልትለካ መጣች። ሰሃን እንበለው እንጂ ትሪ ነው! ሸርጣኑን አስቀምጣ አየችና ከንፈሯን ጣል አደረገች።

"በአንድ ጣት ስፋት ይጎድላል። ሰሃኑን ዳር እስከ ዳር ካልሞላ ሠርግ የለም። ልጃችንን የምትፈልግ ሞልታለች!"

ሩቅያ አለቀሰች። ዘሃራ አንጀቷ አረረ።

ሸርጣን የሚያድገው ቅርፊቱን ሲያወልቅ ነው። ባወለቀ ጊዜ ገላው ለስላሳ ስለሚሆን የገዛ ዘመዶቹ ይበሉታል፤ ዘመድ እንዲህ ነው። ስለዚህ ዘሃራ የሠርጉን ሸርጣን ኩሬው ውስጥ ለብቻው በቅርጫት አኑራዋለች። ኩሬው ዳር ቆማ "አውልቅ!" አለችው።

"በዚህ በገማ ውሃ? አላወልቅም" አለ ጌታው ሸርጣን።

ወደ ኩሬው መዝጊያ ሄደች። "መዝጊያ ሆይ፣ ተከፈት! ባሕሩ ሞልቷል፣ አዲስ ውሃ ይግባ። ሸርጣን አያወልቅም፣ ሩቅያ አታገባም!"

"ጭቃው ተመችቶኛል" አለ መዝጊያው። "የሚጎትተኝ ካልመጣ ንቅንቅ አልልም።"

ወደ ጎረቤት አህያ ሄደች። "አህያ ሆይ፣ መዝጊያውን ጎትት! መዝጊያ አይከፈትም፣ ሸርጣን አያወልቅም፣ ሩቅያ አታገባም!"

"ጌታዬ ሳያዘኝ? የማንም ተላላኪ መሰልኩሽ?" አለ አህያው። አህያም ክብር አለው እንግዲህ።

የአህያው ጌታ ኢድሪስ ጥላ ሥር ተንጋሏል። "ኢድሪስ ወንድሜ፣ አህያህን እዘዝልኝ! አህያ አይጎትትም፣ መዝጊያ አይከፈትም፣ ሸርጣን አያወልቅም፣ ሩቅያ አታገባም!"

"ነገ እናያለን፣ እኅቴ" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። ከተወለደ ጀምሮ ነገ ሲል የኖረ ሰው ነው።

ወደ ሚስቱ ወደ መሬማ ሄደች። "መሬማ፣ ባልሽን ቀስቅሺልኝ! ኢድሪስ አይነሳም፣ አህያ አይጎትትም፣ መዝጊያ አይከፈትም፣ ሸርጣን አያወልቅም፣ ሩቅያ አታገባም!"

"ተኳርፈናል! ቀድሞ ካላናገረኝ ቤቱ ቢቃጠል አላናግረውም!"

ዘሃራ ጉንጯን ይዛ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ወዲያው ጉንዳን ነከሳት።

"አንተን ነው የምፈልገው!" አለች። "ጉንዳን ሆይ፣ መሬማን ንከስልኝ! መሬማ አትናገርም፣ ኢድሪስ አይነሳም፣ አህያ አይጎትትም፣ መዝጊያ አይከፈትም፣ ሸርጣን አያወልቅም፣ ሩቅያ አታገባም!"

"ይኼን ሁሉ ከምታወሪ፣ የታለች?" አለ ጉንዳኑ። ክብር የለው፣ ኩርፊያ የለው፣ ነገ የለው።

ጉንዳን መሬማን ነከሰ። መሬማ "ኢድሪስ! ድረስልኝ!" ብላ ጮኸች። ኢድሪስ "ቀድማ አናገረችኝ! አሸነፍኩ!" ብሎ ዘሎ ተነሳ፤ በደስታው አህያውን አዘዘ። አህያ መዝጊያውን ጎተተ፣ መዝጊያ ተከፈተ፣ ባሕር ገባ፣ ሸርጣን አወለቀ። ከአሮጌው ቅርፊት ወጥቶ ውሃ ጠጣና ተነፋ። አዲሱ ቅርፊት ጠጠር እንዳለ ዘሃራ ይዛው ወደ ወይዘሮ ጀሚላ ገሰገሰች።

ሸርጣኑ ሰሃኑን ዳር እስከ ዳር ሞላ። ወይዘሮ ጀሚላ ደስ ብሏት አነሳችው፤ ፊቷ ግን ወዲያው ጠቆረ።

"ምነው ቀለለ? ውስጡ ውሃ ብቻ ነው!"

"አዲስ ቅርፊት የለበሰ ሸርጣን ሥጋ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል፣ እሜቴ" አለች ዘሃራ። "እርስዎ ግን የጠየቁኝ ስፋት ነው። ሰሃኑ አልሞላም?"

"ሞልቷል" አለች ወይዘሮ ጀሚላ፣ እየመረራት።

"እንግዲያው ሠርግ አለ።"

ሩቅያ የወደደችውን አገባች። ወይዘሮ ጀሚላም በእንግዶቿ ሁሉ ፊት ባዶ ቅርፊት እየሰበረች ውሃ ስትመጥ ዋለች። እኔም ከሠርጉ በልቼ፣ ጠጥቼ፣ ጨፍሬ መጣሁ። ሸርጣኑን ግን አልቀመስኩም፤ ምኑ ይቀመሳል?