በአሻ መዳፍ ላይ ያለው ድቡልቡል

በአንድ ወቅት፣ ከጨው ይልቅ ወርቅ በማይጠፋበት የወንዝ ዳር መንደር፣ አሻ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። የመንደሩ ሰው የታጠበውን አሸዋ ባዜቃ በሚሉት፣ እንደ ውሃ በሚፈስ ብረት ያሻል፤ ባዜቃው ወርቁን ሰብስቦ ግራጫ ድቡልቡል ሲሆን በድስት ክዳን ላይ ይጠብሰዋል። ባዜቃው ጢስ ሆኖ ይሄዳል፣ ወርቁ ይቀራል። የጎረቤት ዓይን እንዳያርፍበት በር ይዘጋል፣ መስኮትም በጨርቅ ይወተፋል። አስተዋይ ልማድ ነው፤ በዚያ መንደር በዓይን የሞተ ሰው የለም።

አንድ ክረምት የአሻ እጅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድዷ ደማ፣ እንቅልፍ አጣች፣ ሻይ ስታነሳ ግማሹ ቀሚሷ ላይ ይፈሳል። ለጥናት የመጡ ሰዎች እንደሷ የሚንቀጠቀጡ ስልሳ ሰዎች መዝግበው፣ ሻይ ቀንሱ ብለው መክረው ሄዱ።

ታላቁ ልጅ ባቢክር ሆስፒታል ሊወስዳት ቆረጠ። ለመንገዱ ወርቅ ስላስፈለገ፣ እሷ በተኛችበት ቤት በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን ሙሉ ጠበሰ። ከዚያ አዝሎ አስፋልት አደረሳት፣ በመኪናም ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ፣ «የጎዳት የባዜቃው ጢስ ነው» አለው። ይህን ወሬ ለመንደሩ ያመጣ ባቢክር ነው።

እህቱ ነስራ ይህን ስትሰማ መጥረቢያ አንስታ የቤቱን አንድ ግድግዳ አፈረሰች። ጎረቤቶች፣ «ልጅቱ ወርቋን ልታሳየን ነው» ብለው ሳቁ። ጢሱም ወጣ። የወጣው ግን በነሱ ደጅ ስለነበር፣ በሳምንቱ ሳቁ ሳል ሆነ።

ታናሹ ሐሚድ፣ ጥበሳው ካልቀረ ግድግዳ ማፍረስ ምን ይረባል አለና የባዜቃውን ጠርሙስ ወንዝ ውስጥ ደፋው። በቤታቸው ጢስ ጠፋ። ከወንዙ በታች ያሉ ሰዎች ዓሣ የሚያጠምዱት ከዚያው ነው፤ እነሱ ግን የሐሚድ እናት አይደሉም።

ወራት አለፉ። አሻ አንድ ጠዋት ሻይዋን ጠብታ ሳታፈስ ጠጣች። ያን ጊዜ ሦስቱም ያዳንኳት እኔ ነኝ እያሉ ተጣሉ። ሽማግሌ ተጠራ፤ እሱም ሦስታችሁም ናችሁ ቢላቸው ሦስቱም ተቀየሙት።

አሻ ከሳጥኗ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች፤ ሳይጠበስ የቀረ የመጨረሻው ድቡልቡል ነው።

«ልጆቼ፣ ያዳነኝ ይውሰደው» አለች። «መጥበስ ብቻ ነው የቀረው።»

ሦስቱም መጀመሪያ ድቡልቡሉን፣ ቀጥሎ በሩን አዩ።

እንግዲህ ፍረዱ፤ ግን አትዘግዩ። የአሻ መዳፍ እንደተዘረጋ ነው፣ ጣቶቿም እንደገና መንቀጥቀጥ ጀምረዋል። ለማን ይገባል?