የሚያፈሰው ድንኳን

አንድ ጨርቅ ሻጭ ነበረ። ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ የእርሱ ታሪክ ነውና ሳታቋርጪኝ አድምጪ። የአባትሽን ቤት ሸጠሽ የልብስ ማጠቢያ ድርጅት ልታቋቁሚ አስበሻል፤ «ያየሁት ዕድል እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ፣ መምህር?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ይህም ሰው ጠይቋል። ጥፋቱ አጠያየቁ ላይ ነበር።

በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ገበያው ዳር ሱቅ ነበረችው። ሚስቱንና አራት ልጆቹን የሚያኖረው በእርሷ ነበር። አንድ ክረምት ጎረቤቱ ሞተና ሰውየው ለቅሶ ተቀመጠ። የእድሩ ድንኳን ያረጀ፣ በየቦታው የተጣፈ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ለቀስተኛው አግዳሚውን እየጎተተ ከጥግ ወደ ጥግ ይሸሻል። ሰውየው የሚያንጠባጥበውን ሸራ እየተመለከተ አሰበ፤ በዚህ ከተማ ለቅሶ የሌለበት ወር የለም፣ ደህና ድንኳን የሚያከራይ ግን አንድም የለም። ያየው ነገር እውነት ነበር። ይህን ልብ በይ፤ ድንኳኑ በእርግጥ ያፈስ ነበር።

ጥንቁቅ ስለነበረ ወዲያው አልተነሣም። አርባ አባወራዎችን እየዞረ፣ «ውኃ የማያስገባ አዲስ ድንኳን መደገፊያ ካለው ወንበር ጋር ባከራይ ምን ይመስላችኋል?» አላቸው። «ጥሩ አስበሃል» አሉት። «እግዜር ይባርክልህ፤ እኛማ በዚያ ወንፊት ሥር መበስበስ ሰልችቶናል» ያሉትም ነበሩ። ከአርባው አንድ እንኳ «እኔ አልከራይህም» ያለው አልነበረም። ሚስቱ ብቻ፣ «ፊታቸው ቆመህ እየጠየቅሃቸው ምን እንዲሉህ ፈልገህ ነው?» አለችው።

«አንቺ መቼም ሟርት አያልቅብሽም» አላትና ሱቁን ሸጠ። ሦስት ድንኳንና ሁለት መቶ ወንበር ገዛ።

ከዚያ ወዲህ በከተማው ሰባት ሰው ሞተ። በሰባቱም ደጅ የተተከለው ያው የተጣፈ ድንኳን ነበር። ሰውየው ዋጋ ቀነሰ፤ የመጣ የለም። ቤቱ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ እያለቀ ሲሄድ፣ ያንን ሁሉ ምርቃት ያዘነቡለትን ሰዎች ውሸታሞች እያለ ማማት ጀመረ።

በስምንተኛው ወር እናቱ ሞቱ። የእድሩ ጡሩምባ በማለዳ ተነፋ። ጎረቤቶቹ ምሰሶ ተሸክመው መጡ፤ ገሚሱ መቃብር ሊቆፍር ሄደ፤ ሴቶቹ ጓዳውን ተረከቡ። ከቀብር መልስ ሰውየው መሐል ተቀምጦ ሲያለቅስ ዝናብ ጣለ፤ አንዲት ጠብታም ግንባሩ ላይ አረፈች። ቀና ብሎ አየና ክው አለ። በላዩ ያለው የእድሩ ድንኳን ነበር። የእርሱ ሦስት ድንኳኖች እንደታጠፉ ጓሮ ካለችው ክፍል ተከምረዋል፤ ከማለዳ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላሉትም።

ሚስቱን ጠርቶ፣ «ይህን ማን አስተከለው?» አላት።

«ማን ያስተክላል? ራሳቸው መጡ እንጂ።»

«የእኛ ሦስት ድንኳን ተቀምጦ?»

«የአንተንስ ማን ይተክለዋል? እናትህን ትተህ አንተው ልትተክል ነው? መልሱት ብላቸው ቃሬዛውን ማን ይሸከምልን ነበር? ሦስቱን ቀን ማን አብሮን ያድራል?»

እንባው ቆመ። ዓይኑን በሚያንጠባጥበው ሸራ ላይ ተከለ። ለቀስተኞቹ ሐዘኑ የጸናበት መስሏቸው ውኃ አቀረቡለት። እርሱን ያደነዘዘው ግን ሌላ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ሰውን ሲያማ ኖሮ፣ በራሱ ቀን እርሱም የራሱ ደንበኛ አልሆነም። ሸራው ቢያፈስም፣ ከሸራው ጋር የሚመጣውን እጅ ማንም በኪራይ አይለውጠውም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። የሰፈርሽ ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ወገባቸው እስኪቆረጥ ሲያጥቡ አይተሻል፤ ያየሽው እውነት ነው። ሁሉም «ጥሩ ነው» ብለውሻል፤ እርሱ ግን የጨዋ ሰው አፍ ነው። ከእነርሱ አንዲቷ የቤቷን ገመና የያዘ ልብስ ለባዕድ እጅ ትሰጥ እንደሆነ፣ ከጎረቤቷ ጋር ስታጥብ የምታገኘውን ጨዋታ ለአንቺ ስትል ትተወው እንደሆነ አላየሽም። ቤቱን አትሽጪ። በመጪዎቹ አራት ቅዳሜዎች በአንድ በርሜል ውኃና በገዛ እጅሽ ጀምሪ። የመረቀሽን ተዪው፤ ልብሷን ቋጥራ እጅሽ ላይ ያኖረችውን ቁጠሪ።

ቅድም ምርቃት ጠብቀሽ ዝም ስልሽ ከፍቶሻል፤ አይቻለሁ። ያንን ሰው ከመረቁት ከአርባው አንዱ እኔ ነበርሁ። ሱቁን በሸጠ ዕለት እጁን ጨብጬ ደስታዬን ገልጬለታለሁ። ከሰባቱ ሟቾች ሦስተኛዋ ባለቤቴ ነበረች። ሦስት ቀን በሚያፈሰው ድንኳን ሥር ተቀመጥሁ፤ የእርሱን ድንኳን ልከራይ አላሰብሁም።