አየር የሚያስተነፍሰው የቀለም ጠመንጃ

ዘርጋው የሚባል የአንዲት ልጅ አባት ቀድሞ ያስተማሩትን መምህር አስናቀን ሊጠይቃቸው ሄደ። «መምህር፣ ልጄ ቃሌን ከቁብ አትቆጥረውም። ብቆጣትም ያው ናት። ከዚህ የባሰ ልቆጣት ወይስ ልተዋት?» አላቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበረ። ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ በታመቀ አየር በሚሠራ ጠመንጃ የቀለም ኳስ ሲተኳኮሱ አይቶ ልቡ ተማረከ። ኳሷ ሰው ላይ ስታርፍ ትፈነዳለች፤ ኃይሏ በልክ ከሆነ ልብስ ታቀልማለች እንጂ አትጎዳም። ሰውየውም ሌላ ሰው ሲጫወትበት የቆየ ጠመንጃ ገዛና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሜዳ መውረድ ጀመረ።

ጠመንጃው ግን ለገመበት። ሲተኩስ ኳሷ መንገድ ላይ ትወድቃለች። ወንድሙ ከግንድ ጀርባ ብቅ እያለ፣ «ኧረ ወንድም ዓለም፣ በእጅህ ብትወረውራት ይሻልሃል!» እያለ ይስቅበታል። ሰውየው አፈረ። ጠመንጃው ጀርባ ላይ የኳሷን ፍጥነት የሚጨምርና የሚቀንስ ብሎን አለ፤ እሱን አጠበቀው። ኳሷ ትንሽ ራቅ ብላ ወደቀች። ደግሞ አጠበቀው። እንዲህ ሲል ሲል ብሎኑ አልዞርም አለ፤ ኳሷ ግን አሁንም ከወንድሙ አትደርስም።

በንዴት ጠመንጃውን ጭኑ ላይ ጥሎ ሲቀመጥ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሰማ። ጠመንጃውን የሳሙና አረፋ ቢቀባው፣ አንዱ መጋጠሚያ ላይ አረፋው እየተነፋ ይፈነዳ ጀመር። ለካስ አየሩ ኳሷን ሳይገፋ በዚያ በኩል ይሾልክ ኖሯል! አየሩን ዘግቶ፣ ውስጥ የቀረውንም አስወጥቶ ፈታታው። አንዲት የጎማ ቀለበት ደርቃ ተሰንጥቃለች። በአዲስ ለወጣት፤ ዘይት አስነክቶም መልሶ ገጠመው። ፉጨቱ ጠፋ።

ደስታው ወሰን አጣ። «ና ቁምልኝ!» ብሎ ወንድሙን ጠራው። ወንድሙም የፊት መከላከያውን አጥልቆ፣ «የት ትደርስና!» እያለ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ሰውየው ዝቅ አድርጎ ተኮሰ።

ወንድሙ ጮኾ ተንበረከከ። ጭኑ ላይ ቆዳው ተልጦ ዙሪያው በልዟል። «ምን በደልኩህ?» አለው፣ ጭኑን ይዞ።

«ኧረ እኔ ምንም አልጨመርኩም! ያው የቅድሙ ነው...»

ይህን ሲናገር ብሎኑ ትዝ አለው። ቀዳዳውን ደፍኗል፤ በቀዳዳው ምክንያት የጨመረውን ኃይል ግን አልቀነሰም።

ወንድሙን ደግፎ ጥላ ሥር አስቀመጠው፤ እግሩን በቀዝቃዛ ውኃ አጥቦ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያም ጠመንጃውን የሜዳው ኃላፊ ዘንድ ወዳለው የፍጥነት መለኪያ ወስዶ፣ ብሎኑን ጥቂት በጥቂት እያላላ፣ እየተኮሰ እየለካ፣ ለጨዋታ ወደተፈቀደው ልክ አወረደው። አሁን ኳሷ ሳትቸኩል ወጥታ ካሰበው ቦታ አረፈች። ወንድሙ ጭኑ ሲሽርለት ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ «እስኪ መጀመሪያ እዚያ ጣውላ ላይ ስትተኩስ ልይህ» አለ እንጂ ወዲያው አልቆመለትም። ሰውየውም ቅር ሳይለው ጣውላው ላይ ተኮሰለት። ካየ በኋላ ቆመለት።

መምህር አስናቀ ይህን ነግረው ወደ ዘርጋው ዞሩ።

«ያንተም ነገር እንደዚያ ሰው ነው፤ ቃልህ ጉልበት አላነሰውም፤ ያፈሳል። ‹እመጣለሁ› ብለህ ስትቀር፣ ‹እቀጣሻለሁ› ብለህ ስትተወው፣ ቃልህ ልጅህ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይወድቃል። አንተ ደግሞ ቁጣህን ታጠብቃለህ። መጀመሪያ ቀዳዳውን ድፈን፦ ያልከውን አድርግ። ልታምንህ ስትጀምር ደግሞ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ በማታምንህ ጊዜ ያከማቸኸው ቁጣ በምታምንህ ጊዜ ካገኛት ይሰብራታል። ለመሆኑ አሁን ቃል ገብተህላት ያልፈጸምከው ነገር አለ?»

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። «አለ መምህር። ዋና አስተምርሻለሁ ብያት፣ ይኸው ክረምቱ አለፈ።»

«በል እንግዲህ» አሉት፣ «ከውኃው ጀምር።»