የአቶ መሸሻ ሶላር

አንድ ቀን በአንድ ቆላ ቀበሌ አቶ መሸሻ የሚባሉ ሽንኩርት አምራች፣ ከጉድጓድ ውኃ የሚስብ የሶላር ፓምፕ አስመጡ። ሰውዬው ሁለት ነገር አይወዱም፤ ከኪሳቸው ማውጣትና «አላውቅም» ማለት። ስለዚህ ሁለት ሰፋፊ ሶላርና አንድ ፓምፕ ገዙና፣ በመሃል የሚገባውን ኮንትሮለር የሚሉትን ሳጥን «ትርፍ ነው» ብለው ተዉት። ሽቦውን ከሶላሩ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ወሰዱት። ውኃው መምጣቱስ መጣ፤ ግን ጉንፋን እንደያዘው አፍንጫ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ።

ሲጨንቃቸው ስሜነህ የሚባል የሶላር ባለሙያ አስጠሩ። ስሜነህ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው። ዞር ዞር ብሎ አየና፣

«ጋሼ፣ ሶላሩም ፓምፑም ደህና ናቸው። የጎደለው ሳጥኑ ነው» አላቸው።

«ሳጥኑ ፀሐይ ያወጣል?»

«አያወጣም።»

«ታዲያ ምን ሊሠራልኝ? እኔ ከፀሐይ ጋር ስልሳ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለ ፀሐይ አንተ አትነግረኝም።»

«ሶላር እንደ እርሻ በሬ ነው፣ ጋሼ። ከአቅሙ በላይ ከጫኑበት ይቆማል፤ ካልነዱት ደግሞ ያንቀላፋል። ሳጥኑ እየለካ፣ ትንሽ ጨመር ትንሽ ቀነስ እያደረገ፣ በዚያች ሰዓት የሚችለውን ሁሉ ያሠራዋል።»

«እኔ በሬ ያረስኩት በጅራፍ ነው እንጂ በሳጥን አይደለም» አሉ አቶ መሸሻ።

ሽንኩርት ሊኮተኩቱ የመጡት ሠራተኞች መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። አቶ መሸሻ ደግሞ ሰው ሲያያቸው ድምፃቸው ይወፍራል።

«በል እንግዲህ ሳጥንህን ግጠመው። ውኃው ከጨመረ እገዛዋለሁ። ካልጨመረ ግን አታላይ መሆንህን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ተናግረህ ትሄዳለህ።»

ስሜነህ ትንሽ ደንገጥ አለ። በዚያ አገር አንዴ አታላይ የተባለን ሰው ሁለተኛ የሚጠራው የለም። ቢሆንም ሳጥኑን ከሞተር ብስክሌቱ ላይ አውርዶ ገጠመ። ቱቦው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ከዚያ ውኃው አፉን ሞልቶ ይንዶለዶል ጀመር። ሠራተኞቹ ሳቁ፤ አንዷማ ሮጣ ሄዳ ፊቷን ታጠበችበት።

አቶ መሸሻ ግን አላመኑም። ተንኮሉን ፍለጋ ወደ ሶላሮቹ ሄዱ። ሶላሮቹ ከመሬት ብዙም ከፍ ሳይሉ ዘመም ብለው ነው የተተከሉት። ሰዓቱ ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ሰውዬው ደግሞ በር የሚያክሉ ናቸው። በፀሐይዋ በኩል ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሶላሮቹን ከላይ እስከ ታች ይመረምሩ ጀመር። ወዲያው ውኃው ቀጠነ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ።

«አያችሁት?» አሉ አቶ መሸሻ ከዚያው ሳይነቃነቁ። «አንተ፣ ሳጥኑ የሚችለውን ሁሉ ያሠራዋል ብለኸኝ አልነበር? ታዲያ በዚህ ፀሐይ ምን ሆኖ ቆመ? ተናገር እንጂ፣ ሰው ይስማህ።»

ሁሉም ወደ ስሜነህ ዞረ። ስሜነህ ሶላሩን አየ፤ አቶ መሸሻን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ምን ያድርግ? የእርስዎ ጥላ ከባድ ነው» አለ።

ሠራተኞቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። የአቶ መሸሻ ፊት ግን በራ።

«እሱስ እውነትህን ነው፤ አባቴም እንደዚሁ ነበሩ» አሉ። «ይህ ሳጥን ሰው ያውቃል፤ እገዛዋለሁ።»

ይህን ብለው ደረታቸውን ነፍተው እዚያው ቆሙ። ውኃውም ለምሳ እስኪጠሩ ድረስ አልመጣም።