በሚስቱ በቅሎ የጀገነው ቁማርተኛ

አንድ ሽባባው የሚባል ቆዳ ነጋዴ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። በቆዳ ንግዱ ግን ማንም አያውቀውም፤ ስሙ የሚነሳው በካርታ ነው። ገበያ በቆመ ቁጥር ጠጅ ቤት ይገባና ፖከር ይጫወታል። የጨዋታው ሕግ ቀላል ነው። ሁሉም ካርታውን ደብቆ ይይዛል፤ መደብ፣ ማለት የውርርድ ገንዘብ፣ ያስይዛል። አንዱ መደቡን ሲጨምር ሌላው ወይ እኩል ያስይዛል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ፣ ያስያዘውንም ትቶ ይወጣል። እስከ መጨረሻ የቆዩት ካርታቸውን ይገልጣሉ፤ የበለጠ ካርታ የያዘው መደቡን ይወስዳል።

ሽባባው መጣል የሚባል ነገር አያውቅም። የደረሰው ካርታ ምንም ይሁን ምን "ልጨምር!" ይላል። ደግሞ ይጨምራል። ሌሎቹ የቤታቸው ወጪ ትዝ እያላቸው አንድ በአንድ ይጥላሉ። እሱ መደቡን ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ ካርታውን ገልብጦ ያሳያቸዋል፤ የማይረባ ካርታ ነው። ታዳሚው በሳቅ ይፈርሳል።

የጠጅ ቤቱ ልማድ ደግሞ ያሸነፈ ሰው ቤቱን በሙሉ እንዲጋብዝ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሽባባው ባሸነፈ ቁጥር ብርሌው ይዞራል። "ወንድ ማለት ሽባባው!" የማይል አልነበረም። ሲያሸንፍ ከተማው ሁሉ ያወራል፤ የተሸነፈ ዕለት ግን ወሬውን የሚያነሳ የለም፣ የሚጠጣ ነገር የለማ! እኔን የሚያናድደኝ ከዚህ ይጀምራል። ሰውየውን የሚለኩት በጠጡት ልክ ነበር።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጋሽ ባንተይርጋ የሚባሉ ማር ሻጭ ይቀመጣሉ። እሳቸው ካርታቸው ካላማረ ዝም ብለው ይጥላሉ።

"ጋሽ ባንተይርጋ፣ ዛሬም ጣሉ? ለእርስዎ ከካርታ ይልቅ መቁጠሪያ ይሻልዎት ነበር!" ይላቸዋል ሽባባው።

"ይሆናል ልጄ" ይሉና ደግመው ይጥላሉ።

አንድ ቅዳሜ ግን ጋሽ ባንተይርጋ አልጣሉም። ሽባባው ጨመረ፤ እኩል አስያዙ። ደግሞ ጨመረ፤ አሁንም እኩል አስያዙ። የሽባባው ኪስ ባዶ ሆነ። ታዳሚው ሁሉ ያየዋል። እሱም ደጅ ወደታሰረችው በቅሎ በእጁ እያመለከተ "በቅሎዋን አስይዣለሁ!" አለ።

በቅሎዋ የእሱ አልነበረችም። የሚስቱ የእማዋይሽ ናት፤ የሰጧት አባቷ ናቸው። እማዋይሽ በዚህች በቅሎ የሰው እህል ወደ ወፍጮ ቤት እያመላለሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። ያን ቀን ሽባባው ቆዳ ልጫንባት ብሎ ነው የወሰዳት። ከጠጪዎቹ መካከል ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ የአብዛኞቹን እህል የምታስፈጨው እሷ ናት!

በዚያ አገር ከብት ያለ ዋስ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም። ከብቱ የሰጪው ለመሆኑ ሰው ቆሞ ይመሰክራል፤ ሳይሆን ቢቀር ዋሱ ይከፍላል። ስለዚህ ጋሽ ባንተይርጋ "በቅሎዋ ያንተ ከሆነች ዋስ አምጣ፤ እኔም የዓመት ማሬን አስይዛለሁ" አሉ።

ከአጨብጫቢዎቹ ሁለቱ፣ ጌጡ እና ምናላቸው፣ ተሽቀዳድመው ተነሱ። "እኛ ዋስ ነን! የሱ ናት! ይጫወት!" አሉ።

ካርታው ተገለበጠ። የሽባባው እንደ ልማዱ ባዶ ነበር። ጋሽ ባንተይርጋ አራት አሥር ይዘዋል፤ በፖከር ከዚህ የሚበልጥ ካርታ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

"እንዴት አወቁብኝ?" አለ ሽባባው።

"ምን የሚታወቅ አለው ልጄ? ሁልጊዜ የሚጨምር ሰው መጨመሩ ምንም አይነግረኝም። እኔ ጥሩ ካርታ እስኪደርሰኝ ጠበቅሁ። የቀረውን አንተው ጨመርክልኝ" አሉት።

እማዋይሽ ወሬውን የሰማችው ወፍጮ ቤት ሆና ነው። ገበያው መሀል ባሏን አገኘችው።

"ወንድነትህን ከኔ በረት ነው እንዴ የምታወጣው? ለአንተ ይጨበጨብልህ፣ እኔ የሰው ጆንያ በጀርባዬ ልሸከም?"

እሷም ዳኛው ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። ዋሶቹ ሲጠሩ ጌጡ ቀድሞ ተናገረ፤ "ጌታዬ፣ እኛ ካርታ አልነካንም። የተጫወተው እሱ፣ ያሸነፉት እሳቸው። እኛ ዋስ የሆንነው ለጨዋታው ድምቀት ያህል ነው።"

"በቅሎዋ የማን እንደሆነች ታውቁ ነበር?" አሉ ዳኛው።

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

"ታውቁ ነበር። እያወቃችሁ በሰው ንብረት አስጨመራችሁት። በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለስ። ለጋሽ ባንተይርጋ እናንተ ሌላ በቅሎ ገዝታችሁ ታስረክባላችሁ።"

"ኧረ የፍርድ ያለህ!" ብሎ ጮኸ ምናላቸው። የሴትዮዋ በቅሎ ስትወሰድ ግን አንድም ሰው የፍርድ ያለህ አላለም ነበር። እማዋይሽ በቅሎዋን ይዛ ሄደች፤ ባሏንም ከዚያ ወዲያ አላስነካችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽባባው ጠጅ ቤት ሲገባ ቦታ የለቀቀለት ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ጎረምሳ "ልጨምር!" ይላል። ያው ሰዎች ያጨበጭቡለታል።

እንደ ሽባባው መጫወት ያዋጣል ወይ ለሚል ሰው መልሴ ይኸው፦ ሰው ጠባይህን እስኪያውቅ ድረስ ያዋጣል። ከፈሪዎች ጥቂት ጥቂት ያስለቅምሃል፤ ጥሩ ካርታ ይዞ የሚጠብቅህ አንድ ሰው የመጣ ዕለት ግን የለቀምከውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትመልሳለህ። ሽባባው ያጣው የራሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ባልተቆጣሁ። የሚያንገበግበኝ ድፍረቱ ከልጆቹ ጉሮሮ የተነጠቀ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በየንግዱም በየሥልጣኑም ሞልቷል፤ እኛም ያስያዘው የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ጀግና እንለዋለን። እያወቀ ያጨበጨበ ሁሉ ዋስ ሆኗል፤ ዕዳውም የራሱ ነው።

እናንተስ ዛሬ የምታጨበጭቡለት ሰው የማንን እንጀራ አስይዞ ነው የሚጫወተው?