ጅራቱን የጠቀለለው ቀበሮ

ኑ፣ ተጠጉ። አንቺ ደግሞ የወንድምሽን ጆሮ ልቀቂና ስሚ!

በድሮ ዘመን፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ ሲያወሩ፣ ጉም እስከ እኩለ ቀን የሚተኛበት መንደር ነበር። ዶሮው ሲጮኽ ይሰማል፣ ዶሮው ግን አይታይም። እዚያ ደብሪቱ የምትባል ለልጇ የምትሳሳ እናት፣ አባ ጎሹ የሚባሉ በነገር የማይቸኩሉ ሽማግሌ፣ እንዲሁም ምላሱ ማር፣ ሆዱ የማይሞላ አንድ ቀበሮ ይኖሩ ነበር።

የደብሪቱ ልጅ አንጓች ከወለደች ወዲህ ደም አጥሯት ነበር። ፊቷ ነጣ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ የገዛ ልጇን አንስታ ማቀፍ አቃታት። ሕፃኑ ሲያለቅስ እሷም ታለቅሳለች። ስታወራ ድምፅዋ ከጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮው ዱቄት የሞላበት ቀንድ አንጠልጥሎ፣ ጅራቱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

«እንደምን ዋሉ እሜቴ! ይህ የበሬ ጉበት ነው። አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ነፍቼ ያመጣሁት። ደም ይሞላል።»

«ምን ልስጥህ?»

«ምንም! ብቻ በመንደሩ ቅርጫ የሚታረደው በሬ ሁሉ ጉበቱ ለእኔ ይሁን።»

ቅርጫ ታውቃላችሁ አይደል? በሬው ይታረድና መደብ መደብ ይደረጋል። ሥጋው ለሁሉም፣ ጨጓራው ለሁሉም፣ ጉበቱም ለሁሉም፣ በጣት በጣት ልክ። የሚያካፍሉት አባ ጎሹ ነበሩ።

«ጉበቱ እንዳለ ለአንድ? ኧረ ይሄ ደግ አይደለም» አሉ።

ደብሪቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። መንደሩም አዘነላትና እሺ አለ።

ደብሪቱ ለልጇ በየቀኑ አንድ ቁንጥር ሰጠቻት። ቀስ በቀስ ጉንጯ ቀላ፣ እግሯ ጸና፣ አንድ ጠዋት ተነስታ ልጇን አቀፈች። እልል ተባለ! መድኃኒቱ ሐሰት አልነበረም፣ ልጆች። እውነት ሠርቷል።

ግን እናት ናትና፣ «ቁንጥሩ እንዲህ ካደረገ ማንኪያውማ!» አለች። ማንኪያ ሰጠቻት። አንጓችን ራሷን ይፈልጣት ጀመር።

«አንሷት ነው» አለ ቀበሮው።

ሲኒ ሙሉ ሰጠቻት። ቆዳዋ ተላጠ፣ አጥንቷ ታመመ፣ ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ቀረ። ሕፃኑም ከእቅፏ ሊወድቅ ሲል ጎረቤት ደርሳ ያዘችው።

«አንሷት ነው» አለ ቀበሮው።

ደብሪቱ ደረቷን እየደቃች ወደ አባ ጎሹ ሮጠች። «ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነው!»

አባ ጎሹ ቀበሮውን አስጠሩት። ጉሙ ተነስቶ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር።

«አያ ቀበሮ፣ ያን ሁሉ ጉበት ምን ታደርገዋለህ?»

«ትንሹን እወቅጣለሁ፣ የቀረውን እበላለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ! ይኸው አላማረብኝም?»

«አምሮብሃል። በዚህ ፀሐይ ታዲያ ጅራትህን ምን አስጠቀለለህ?»

«ብ... ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ደብሪቱ ጨርቁን መንጭቃ ሳበችው። ወይ ጉድ! ጅራቱ እንደ አይጥ ጅራት መላጣ!

«አንተ ከይሲ! እያወቅህ ነው?»

ቀበሮው አንገቱን ደፋ። «ብናገር ጉበቱ ይቀርብኛል ብዬ ነው» አለ። መንደሩ በዱላ ተቀበለው፤ መላጣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ወሽቆ ዱር ገባ። ቅርጫ ሲከፈል እስከ ዛሬ ከሩቅ ቆሞ አጥንት ይጠብቃል እንጂ አይጠጋም።

ደብሪቱ ግን ቀንዱን ገደል ልትጥለው አነሳችው።

«ተይ፣ ጉበት ምን አደረገሽ?» አሏት አባ ጎሹ። «ማርም ሲበዛ ይመራል። አባቶቻችን በጣት ልክ የቆረሱት ንፉግ ሆነው መሰለሽ?»

አንጓች ዱቄቱን ተወች። ከብዙ ሳምንት በኋላ ጸጉሯ በቀለ። በፋሲካው ቅርጫ ልጇን አዝላ መጣችና እንደ ሰው ሁሉ አንድ ጣት ጉበት ደረሳት። እሷም ቆጥባ በላች።

ተረቴ እዚህ ቆመ፤ እናንተ ግን ይህን ያዙ። መድኃኒት ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ጥቅሙን ሲነግራችሁ ስሙት። ከዚያ ጅራቱን ግለጡና እዩ።