ከፈረቃ ያልወጣው ጥላ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ከተማ፣ አንድ የክር ፋብሪካ ነበረ። ደግ ፋብሪካ ነበር። ቅሬታ ቀርቦበት አያውቅም፤ የአስተያየት መስጫው ሣጥን ቁልፍ ከጠፋ ቆይቷልና ይህን አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል። ከደግነቱ ሁሉ የበለጠው ግን ሠራተኞቹን የፋብሪካው ባለቤቶች ላድርግ ብሎ መነሣቱ ነው። የፈቀደ ይመዘገባል፤ በየወሩ ከደሞዙ ጥቂት እየተቀነሰ አክሲዮን ይገዛለታል። ያልተስማማው ደግሞ በዓመት አንዴ የመውጫው መስኮት ሲከፈት ቀርቦ «ወጥቻለሁ» ይላል፤ ያጠራቀመውን ይዞ ይሄዳል። ማንም ማንንም አላስገደደም።

የተመዘገቡት በመጀመሪያው የደሞዝ ቀን፣ ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል በበሩ ሲወጡ፣ ጥላቸው አልተከተላቸውም። ዞር ብለው ቢያዩ ውስጥ ግድግዳው ላይ ቀርቶ ክር ይቀጥላል።

«አክሲዮን ማለት ድርሻ ነው» አሉ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊው አቶ ፋንታሁን፣ እንደ ጥሩ ሐኪም ረጋ ብለው። «ከእናንተም ድርሻ እዚህ ይቀራል። የሚወጣ ሰው ጥላው ይመለስለታል።»

ነገሩ በደንብ ስለተብራራ ሰዉ ለመደው። ደግሞስ ጥላ ምን ያደርጋል? አይበላ፣ አይለበስ።

ስንዱ የተመዘገበችው ከአባቷ ከአቶ እንዳላማው ጋር በአንድ ቀን ነበር። አባትና ልጅ በአንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ማሽን ለማሽን ተያይተው፣ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ ይውላሉ። ክረምቱ ሲገባ አባት ታመሙ።

«ልጄ፣ ከዚያ ነገር አስወጪኝ» አሏት።

ሄዳ ጠየቀች። አቶ ፋንታሁን መስኮቱ የሚከፈተው ለመስከረም መሆኑን በትሕትና ነገሯት። አባቷ መስከረምን አላዩም።

ቀብሩ ላይ ደመናው ለአፍታ ገለጥ አለ። የተሸካሚዎቹ ጥላ መሬት ላይ ወደቀ፤ በመካከላቸው፣ አስከሬኑ ባለበት ግን መሬቱ ቦግ ብሎ ቀረ። ስንዱ አየች። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቢራራም አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሥራ ስትመለስ የአባቷ ጥላ ማሽናቸው ላይ ነው። እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብሎ፣ ወገቡን በግራ እጁ ደግፎ፣ ክሩ ሊበጠስ ሲል ቀድሞ ይደርሳል። ከፊቱ የቆመ ሰው የለም። «ከሞቱ ወዲህ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም» አላት የፈረቃው ተቆጣጣሪ፣ እያመሰገነ።

ወሬው እድሩ ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ቢራራ ለቅሶ ቤት መጥተው ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሙ።

«ድንኳኑ አይፈርስም።»

«ምነው ጋሼ?» አለች ስንዱ።

«በደንባችን ድንኳን የሚፈርሰው ሟች ተቀብሮ ሲያበቃ ነው። አባትሽ ሥራ ላይ ናቸው።»

እናቷ ወይዘሮ አትጠገብ ይህን ሰምተው «እንግዲያው እኔም ከመሬት አልነሣም» አሉ። ዝናቡ ድንኳኑን፣ ሐዘኑ እሳቸውን እያሳሳ ሄደ። ከለቅሶው ፍራሽ ላይ የሚያስነሣቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የባላቸው ጥላ ወጥቶ ማረፍ።

መስከረም ጠባ፤ መስኮቱም ተከፈተ።

የስንዱ ታላቅ ወንድም ይርዳው ልብስ ሰፊ ነበር። የራሱ የስፌት መኪና፣ የራሱ ደንበኛ ያለው፣ ለማንም ተቀጥሮ የማያውቅ ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ መስኮቱ ላይ ቀረበ። «በአባቴ ምትክ እኔን መዝግቡኝ» አለ። «የምትክ ምዝገባ መውጫ የለውም» አሉት አቶ ፋንታሁን። «ክር ከሆነ እኔም አላጣውም» አለና ፈረመ። ያን ማታ ያለ ጥላ ወጣ።

ስንዱ ይህን አልሰማችም። በማግስቱ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ «ወጥቻለሁ» አለች። ያጠራቀመችውን ተቀበለች፤ ጥላዋም መጥቶ እግሯ ሥር ተጋደመ። ስንዱ እቁብ ሲደርሳት ለባሰበት ጎረቤት ዕጣዋን መልቀቅ የለመደች ሴት ናት፤ አክሲዮንም እንደ እቁብ መሰላት። «የእኔ ይቆይ። በእኔ ተራ አባዬ ይውጣ» አለች። አቶ ፋንታሁን እንዲህ ያለ ነገር ደንቡ ውስጥ አልነበራቸውም፤ ደስ ግን አላቸው። «ይቻላል። ሌላ ተራ ግን አይኖርሽም» አሏት። ገንዘቡ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። ጥላዋ ፊት ባይኖረውም ዞር ብሎ አያትና ገባ።

በሩ ተከፈተ። የአባትየው ጥላ ግን አልወጣም። በሩን ረስቷል እንጂ ሥራውን አልረሳም።

ታናሽ ወንድማቸው አሰጋኸኝ ለምንም አልተመዘገበም፤ ቤተሰቡም ለምንም አልመዘገበውም። በጠራራ ፀሐይ የአባቱን የምሳ ዕቃ አንጠልጥሎ ገባና ማሽኑ አጠገብ መሬት ላይ አኖረው።

«አባዬ፣ ምሳ።»

ጥላው ቀና አለ። ከግድግዳው ወርዶ የልጁን ተረከዝ ያዘ። አሰጋኸኝ ሁለት ጥላ እየጎተተ በከተማዋ መካከል ሲያልፍ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። መቃብሩ ዘንድ ሲደርስ የአባቱ ጥላ ተጋደመና እንደ ውኃ አፈሩ ውስጥ ሰረገ። የራሱም አብሮ ተጋደመ። የአባቱ እዚያው ቀረ፤ የእሱም አብሮ ቀረ። እስኪመሽ ቆሞ ቢጠብቅ አልተነሣለትም።

ድንኳኑ ፈረሰ። ወይዘሮ አትጠገብ ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። እድሩም ከደረሰበት ድካም ተምሮ አዲስ አንቀጽ አጸደቀ፤ ጥላ ለሌለው ሰው ከእንግዲህ ድንኳን አይተከልም፣ ቀባሪም አይወጣም።

ከዚያ አቶ ፋንታሁን ሦስቱንም ልጆች አስጠሩ። «እኛ የሰው ነገር አንወስድም» አሉ። «ለአንድ ሰው መውጫ ሁለት ጥላ ተቀብለናል። አንዱ ይመለሳል። ጥላ የያዘው ተረከዝ ሁሉ ይስማማዋል፤ የማንን እንደሚይዝ እናንተ ንገሩን።»

በዚያው ቀን ወደ ማታ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር በሩ ላይ ቆሙ።

«ስንዱ ትውሰደው» አለ ይርዳው። መልሶም፣ «ሱቄን የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ» አለ።

«እኔ ብቻዬን በለቀቅሁት ተራ አባዬ ይወጣ ነበር» አለች ስንዱ።

«በእኔም ምዝገባ ይወጣ ነበር።»

አሰጋኸኝ ሳቀ። «ሁለታችሁም ከፈላችሁ፤ የጠራው ግን ማን ነው? የእናንተ ግድግዳ ላይ አለ፣ ታዩታላችሁ። የእኔ አፈር ውስጥ ነው።»

እናታቸውን አዩ።

«ሦስታችሁንም ወልጃለሁ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መለስ አድርገው።

በሩ ተከፈተና አንድ ጥላ ብቻውን ወጣ። ስንዱ የራሷ እንደሆነ ልትለይ ዓይኗን አጠበበች። ጥላው ጎንበስ ብሏል፤ ወገቡን በግራ እጁ ደግፏል። እዚያ የሚሠራ ሁሉ የሚቆመው እንደዚያ ነው። ከሦስቱ ፊት መጥቶ ቆመና ጠበቀ።

እንግዲህ እናንተ ሰሚዎች፣ ጀምበሯ ልትጠልቅ ነው፤ ከጠለቀች ጥላው የማንም አይሆንም። ከመካከላችሁ አክሲዮን የተመዘገበ ካለ በፍርዱ አይግባ፤ አስቀድሞ ከኋላው ያለውን ግድግዳ ይመልከት። የቀራችሁት ፍረዱ፤ የራሱን ነፃነት ለሰጠው፣ ተራዋን ለለቀቀችው ወይስ ለጠራው፣ ጥላው ለማን ይገባል?